የነፍሰ ጡር እናት ደም ግፊትና የገበታው ጉድለት

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህ ቃል ከልማድ ብዛት የተነሣ እንደ ማንኛውም ሰላምታ ከአፋችን የሚወጣ ቢሆንም፥ ጥቂት ቆም ብለን ብንመረምረው ከባድ ምሥጢር ያለበት ሆኖ እናገኘዋለን። «ማረሽ» የሚባለው ከአደጋ ለወጣ፥ ከሞት ለተረፈ ሰው ነው። እንግዲህ ይህን ሰላምታ ያወረሱን እናቶችና አባቶች መውለድ ምን ያህል የሚያሠጋ ነገር መሆኑን አጥብቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንፎው ይገነፋል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ አጥሚቱ ይፈላል። አራሷ ትጠነክር ዘንድ የቤቱ ዐቅም የፈቀደው ሁሉ ወደ እርሷ ይቀርባል። ይህ መልካም ልማድ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን እኛ አንድ ጥያቄ አለን። ይህ ሁሉ እንክብካቤ የሚመጣው ሴቲቱ ከወለደች በኋላ ከሆነ፥ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠኝ ወራት ምን ትበላ ነበር? በእነዚያስ ወራት ክንዷን ይዞ የደሟን ግፊት የለካላት ማን ነበር?

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ይህንኑ ነው። ጉዳዩ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው በእርግዝና ጊዜ የሚነሣው የደም ግፊት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰውነት በጥቂት በጥቂቱ የሚፈልጋቸው ማዕድኖችና ቪታሚኖች ከገበታ መጉደላቸው ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ሁለቱም ድምፅ የላቸውም። እንጀራ ያጣ ሰው ረኀቡን ይናገራል፤ ካልሲየም ያጣ ሰው ግን «ካልሲየም ራበኝ» ሲል ተሰምቶ አያውቅም። ጥርሱን ያመመው ሰው ይጮኻል፤ የደሙ ግፊት ከልክ ያለፈ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስቆና ተጫውቶ ያድራል። ስለዚህ በስሜት የማይታወቀውን በመለኪያ ማወቅ ግድ ይሆናል። ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በሽታው ምን ዓይነት ነው?

ልብ ደምን ስትረጭ ደሙ የሥሮቹን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል የደም ግፊት ይባላል። ሐኪሞች በሁለት ቁጥሮች ይጽፉታል። የላይኛው ልብ በምትኮማተርበት ጊዜ፥ የታችኛው ልብ በምታርፍበት ጊዜ ያለው ግፊት ነው። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰና በሌላ ሰዓት ሲለካም እንዲሁ ሆኖ ከተገኘ፥ ግፊቱ ከልክ አልፏል ይባላል። የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ግን ለነገ የማይባል፥ በዚያው ሰዓት ሕክምና የሚሻ ጉዳይ ይሆናል።

ግፊት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከማርገዟ በፊት የነበረባት ሴት አለች። ከአምስተኛው ወር ገደማ በኋላ ግፊቱ ብቻ ከፍ የሚልባትም አለች። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ከግፊቱ ጋራ በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፥ ወይም ኩላሊቷ፥ ጉበቷ፥ አንጎሏ ወይም ደሟ ሲታወክ ነው። ይህን ሐኪሞች ፕሪ ኤክላምፕሲያ ብለው ይጠሩታል። ነገሩ ከዚህ አልፎ እናቲቱን እያንቀጠቀጠ የሚጥላት ሲሆን ስሙ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። በዓለም ላይ ከመቶ እርግዝና ከ2 እስከ 8 በሚሆነው ላይ ፕሪ ኤክላምፕሲያ እንደሚደርስ ይገመታል። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት እናቶችን በቀጥታ ከሚገድሉት ነገሮች መካከል ከደም መፍሰስ ቀጥሎ የሚጠራው ይኸው የግፊት በሽታ ነው።

የበሽታው መነሻ ከእንግዴ ልጁ ዘንድ ነው። በጤናማ እርግዝና ጊዜ ወደ ማሕፀን የሚሄዱት ቀጫጭን የደም ሥሮች፥ እንደ ጠባብ ቦይ የነበሩት፥ ሰፍተው ለፅንሱ የሚበቃ ደም ያሳልፋሉ። በበሽታው ጊዜ ግን በሚገባ ሳይሰፉ ይቀራሉ። በዚህን ጊዜ ደም ያነሰው የእንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። እነዚህም የደም ሥሮቿን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዱታል። ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኩላሊቷም ይዞ ማስቀረት የሚገባውን ፕሮቲን ወደ ሽንት ያፈስሳል። ስለዚህ የበሽታው ዋና ፈውስ ሕፃኑና የእንግዴ ልጁ መውጣታቸው ነው። ይሁን እንጂ አደጋው በዚያው ቅጽበት አይጠፋም። ማንቀጥቀጡ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትም ሊመጣ ስለሚችል፥ አራሷም ብትሆን ግፊቷ መለካት አለበት።

ማንኛዋም ነፍሰ ጡር በዚህ በሽታ ልትያዝ ትችላለች። ሆኖም የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፥ መንታ የያዘች፥ ባለፈው እርግዝናዋ ይህ ያገኛት፥ ወይም የስኳር፥ የኩላሊትና የቆየ የደም ግፊት በሽታ ያለባት ሴት የበለጠ መጠንቀቅ ይገባታል።

ሐኪሞች ይህን በሽታ የሚያጠምዱባቸው ሁለቱ ዋና መሣሪያዎች ቀላል መሆናቸው ያስደንቃል። በ1843 ጆን ሌቨር የተባሉ የሎንዶን ሐኪም በማንቀጥቀጥ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን ሽንት አፍልተው ሲመረምሩ አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን አገኙበት። በ1896 ኢጣልያዊው ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን የግፊት መለኪያ አወጡ። በ1905 ደግሞ መስኮባዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ በማዳመጫ እየሰሙ ሁለቱን ቁጥሮች ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ዛሬ በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምትፈጽመው ምርመራ የእነዚህ ሰዎች የድካም ፍሬ ነው።

«ቡና ስላልጠጣሽ ነው»

እስቲ ለምሳሌ ያህል አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እናስብ። ትምህርቱን ጨርሶ ከአገሩ ራቅ ወዳለ ወረዳ ተመድቧል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ አብጧል፤ ፊቷም ሞላ ብሏል። ጎረቤቶች መጥተው ያዩና «ተመችቷታል፤ ወንድ ልጅ ነው» ይላሉ። ሌላ ቀን ራሷን ፈልጦ ያድራታል። «ቡና ስላልጠጣሽ ነው» ይባልና ጀበናው ይጣዳል። በማግሥቱ ዓይኗ ብዥ ይልባታል፤ እንደ ብልጭታ ያለ ነገርም ይታያታል። «ድካም ነው፤ ጋደም በይ» ይሏታል። ከዚያም ከጎድን አጥንቷ በታች በስተቀኝ ያማታል። «ጨጓራ ነው» ይባላል። ማታ ላይ እጅና እግሯ ተገትሮ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። አሁን አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው» ሲል፥ ሌላው «ልክፍት ነው፤ ጸበል ትወሰድ» ይላል። ባልየው መኪና ፍለጋ በጨለማ ይሮጣል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ የተናገረው ከፍቅርና ከማሰብ ነው። የእግር እብጠትም ቢሆን በብዙ ጤነኛ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይታያል፤ ብቻውን ምልክት ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ከአምስተኛው ወር በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፥ የዓይን ብዥታ፥ ከጎድን በታች በስተቀኝ ወይም በመካከል የሚሰማ ሕመም፥ የትንፋሽ ማጠርና ድንገተኛ የፊት እብጠት ሲታይ ጀበና የሚጣድበት ጊዜ አይደለም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚኬድበት ጊዜ ነው። እዚያ ቢደርሱ ኖሮ ግፊቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በታወቀ ነበር።

ከጓቲማላ የመጣ ፍንጭ

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። ምግብና ይህ በሽታ ምን ያገናኛቸዋል?

በጓቲማላ ተራራማ አገር የሚኖሩ የማያ ሕዝቦች ከድኾች ሁሉ ድኾች ናቸው ሊባሉ ይችላሉ። እንደ ልማዱ ቢሆን ድኽነት ባለበት የነፍሰ ጡር በሽታ ይበዛል። በእነርሱ ዘንድ ግን ኤክላምፕሲያ እምብዛም የማይታይ ሆኖ ተገኘ። ሆሴ ቤሊሳንና ሆሴ ቪላር የተባሉ ሐኪሞች ይህ እንቆቅልሽ አሳሰባቸው። የማያ ሴት በቆሎዋን ከመፍጨቷ በፊት ከኖራ ጋራ ትዘፈዝፈዋለች፤ ቶርቲያ የሚባለውንም ቂጣ የምትጋግረው ከዚሁ ነው። ኖራ ደግሞ ካልሲየም ነው። በቆሎ ብቻውን ካልሲየም የሌለው ያህል ሲሆን፥ በኖራ የተዘፈዘፈው ግን በካልሲየም ይከብራል። ሁለቱ ሐኪሞች በ1980 ባወጡት ጽሑፍ፥ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣው የደም ግፊት ከካልሲየም ማነስ ጋራ የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? በገበታ ላይ ያለው ካልሲየም ሲያንስ ሰውነት ከደም ውስጥ እንዳይጠፋበት ሲል ልዩ ልዩ ሆርሞኖችን ያስነሣል። እነዚህ ሆርሞኖች በደም ሥር ግድግዳ ላይ ባሉት ጡንቻዎች ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጉታል። ጡንቻው የሚኮማተረው ደግሞ በዚሁ በካልሲየም ነው። እንግዲህ ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ ከውጭ የሚገባው ሲያንስ ከጡንቻው ውስጥ ያለው ይጨምራል፤ ሥሩም ይጠባል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህ የሐሳቡ አቀራረብ ነው።

የእኛው ጤፍ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም አብሮ መጠራቱን የሚያውቅ አንባቢ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የፊስቱላ ሕሙማንን በማከም ስማቸው በመላው ዓለም የታወቀው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን ወደ አገራችን ከመምጣታቸው በፊት በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ በክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። በዚያ ሳሉ ዋና ድካማቸው ስለ ኤክላምፕሲያ ነበር። እንዴት መከላከል እንደሚቻልም በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ጋራ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1962፥ በዚያው መጽሔት ስለ ፕሪ ኤክላምፕሲያ መከላከል እንደ ገና ጻፉ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ጽሑፍ እየጠቀሱ፥ በኢትዮጵያ በሽታው እጅግ ጥቂት ሆኖ እንደ ታየ፥ የኢትዮጵያውያን ምግብም ከሌሎች ጠባዮቹ ጋራ ካልሲየም የበዛበት መሆኑን ከጓቲማላው ምሳሌ ጎን አስቀመጡት።

ለዚህ ምክንያት የሚሆን ነገር በሌማታችን ላይ አለ። አንድ መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት እስከ 180 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካልሲየም ሲገኝበት፥ በዚያው ልክ የተመዘነ የበቆሎ ዱቄት የሚይዘው ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ጎመኑም፥ ወተቱም፥ አይቡም፥ ሰሊጡም የካልሲየም ምንጮች ናቸው።

ታዲያ ይህን ያነበበ ሰው ደስ ብሎት «እንግዲያውስ ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ምን ያሠጋዋል?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ደስታው ቸኩሏል። አንደኛ፥ በሆስፒታል የሚታየው በሽተኛ ቁጥርና በአገሩ ያለው በሽተኛ ቁጥር አንድ አይደለም። በዚያን ዘመን ብዙዋ እናት ሆስፒታል ሳትደርስ በቤቷ ትሞት ነበርና። ሁለተኛ፥ ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የግፊት በሽታ ነው። ሦስተኛ፥ ሒሳቡን ስንሠራው አይሞላም። ለነፍሰ ጡር በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል ተብሎ ይመከራል። ሦስት መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት በቀን ብትመገብ እንኳ የዚህን ግማሽ አታገኝም። ከዚህም ላይ ጤፍ በተወደደ ጊዜ ዱቄቱ ከበቆሎ፥ ከማሽላና ከሩዝ ጋራ ይቀላቀላል። በብዙ አውራጃ ደግሞ የሕዝቡ ምግብ ከጥንትም ጤፍ አይደለም።

ስለ ብረት ማዕድንም እንዲሁ ነው። «ጤፍ በብረት የከበረ ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይሁን እንጂ ምሁራን መርምረው እንደ ደረሱበት፥ በጤፍ ላይ የሚገኘው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈሩ የተጣበቀ ነው። ይህም ለሰውነት እምብዛም አይዋሐድም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ነገርም ብረቱንና ካልሲየሙን ይይዛቸዋል። እርሾው ሊጡን ሲያቦካው ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ረገድ እናቶቻችን ሊጡን ለቀናት ማቡካታቸው ትልቅ ጥበብ ነው። ግን አያጠፋውም።

ሐሳቡ ሲፈተን

በሳይንስ ዓለም ያማረ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ መፈተን አለበት። በ1991 በአርጀንቲና የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 1,194 ሴቶች በሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ በቀን ሁለት ግራም ካልሲየም፥ እኩሌቶቹ ምንም የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ካልሲየም ከወሰዱት መካከል በመቶ 9.8 የሚሆኑት፥ ካልወሰዱት ግን በመቶ 14.8 የሚሆኑት በግፊት ተያዙ። ይህ ትልቅ ተስፋ ሆነ። ነገር ግን በ1997 በአሜሪካ ከ4,500 በላይ በሚሆኑ ሴቶች ላይ ይኸው ሲሞከር ልዩነት አልታየም። እነዚህ ሴቶች በቂ ካልሲየም ከምግባቸው የሚያገኙ ነበሩና፥ ለጠገበ ሰው ተጨማሪ እንጀራ ምን ያደርግለታል? በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት ከምግባቸው የሚያገኙት ካልሲየም ጥቂት በሆነ 8,325 ሴቶች ላይ በስድስት አገሮች ሲሞክር ደግሞ ውጤቱ መካከለኛ ሆነ። የፕሪ ኤክላምፕሲያ ቁጥር እምብዛም አልቀነሰም። ሆኖም በሽታው ሲመጣ የከፋው ዓይነት፥ በተለይም ማንቀጥቀጡ፥ አነሰ።

በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት ከ2011 ጀምሮ ካልሲየም በሚያንስበት አገር ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንዲሰጥ መከረ። ይህ ግን በቀን ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ክኒን መዋጥ ስለ ሆነ ለድኻ አገር ዋጋውም ጣጣውም ከባድ ነበር። በ2024 በሕንድና በታንዛንያ በእያንዳንዳቸው 11,000 የመጀመሪያ እርጉዞች ላይ በተደረገ ፈተና፥ በቀን ግማሽ ግራም የወሰዱት አንድ ግራም ተኩል ከወሰዱት ይልቅ በፕሪ ኤክላምፕሲያ የበለጠ እንዳልተጎዱ ታወቀ። ይህ ላቅመ ደካማ አገር መልካም ወሬ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በ1999 ቪታሚን ሲና ቪታሚን ኢ በሽታውን ይከላከላሉ የሚል ተስፋ ከአንድ አነስተኛ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ2006 በብሪታንያ ከሁለት ሺሕ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ሲፈተን ግን አለመርዳቱ ብቻ ሳይሆን፥ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት በዝተው ታዩ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ጉዳይ እነዚህ ቪታሚኖች እንዳይሰጡ ይመክራል። እንግዲህ «ቪታሚን ነው፤ ቢበዛ ምን ይጎዳል» እያሉ ከመድኃኒት መደብር የተገኘውን ሁሉ ለነፍሰ ጡር ማቅረብ ትክክል አይደለም። እንዲሁም ለነፍሰ ጡር ጨው ፈጽሞ መከልከል ይህን በሽታ እንደማይከላከል ታውቋል። በልኩ የሚበላ ጨው፥ በተለይም አዮዲን ያለበት፥ ለፅንሱ አንጎል ዕድገት ያስፈልጋል።

የብረቱ ክኒን ለምን በሣጥን ይቀራል?

ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሚሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ነው። ይህ የደም ግፊቱን ለመከላከል አይደለም፤ ሥራው ሌላ ነው። ብረቱ የደም ማነስን ይከላከላል። ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ጥቂት ደም ቢፈስሳት እንኳ ትጎዳለች። ፎሊክ አሲድ ደግሞ የሕፃኑ አከርካሪና አንጎል በሚገባ እንዲዘጋ ይረዳል። ይህ የሚሆነው ግን በመጀመሪያው ወር ውስጥ፥ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ስለ ሆነ፥ ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ በፊት ቢጀመር ይመረጣል።

በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ከወለዱት ሴቶች መካከል በእርግዝናቸው ጊዜ የብረት ክኒን የወሰዱት በመቶ 42 ነበሩ። ለዘጠና ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን በመቶ 5 ብቻ ናቸው። ታዲያ ክኒኑ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ወዴት ሄደ? አንዳንዷ ሆዷን ስላስታወካት ትተወዋለች። ሌላዋ «ሕፃኑን ያተልቀውና ምጥ ይጸናብሻል» ስለ ተባለች ትፈራለች። ሌላዋም ሰገራዋ ሲጠቁር ደንግጣ ታቆመዋለች። ሰገራ መጥቆሩ የብረቱ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። ይህን በቃል የሚነግራት ሰው ብታገኝ ኖሮ ክኒኑ በሣጥን ባልቀረ ነበር።

ደግሞም የአወሳሰዱ ነገር አለ። ቡናና ሻይ ብረትን ይይዙታልና፥ ክኒኑን ከቡና ሥነ ሥርዓት ጋራ መዋጥ ከንቱ ድካም ነው። ካልሲየምም ከብረት ጋራ ስለሚጋፋ፥ ሐኪም ሁለቱንም ያዘዘላት እናት በአንድ ሰዓት አትውሰዳቸው፤ አንዱን ጧት፥ ሌላውን ማታ ብታደርገው ይሻላል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ወተትና አይብ በጾም ወራት ከገበታ ይርቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርንና አጥቢን ከጾም ግዴታ ነፃ እንደምታደርግ የታወቀ ነው፤ እስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ ለምትሠጋ ነፍሰ ጡር ይህንኑ ይፈቅዳል። ሆኖም ብዙዎች እናቶች ከመንፈሳዊ ትጋታቸው የተነሣ ይጾማሉ። በዚህ ጉዳይ ከሐኪሙ ይልቅ የንስሓ አባቱና የመስጊዱ ኢማም ቃል የበለጠ ይሰማልና፥ እነርሱ ቢመክሯቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ክኒኑ መለኪያውን አይተካውም

እስካሁን ከተናገርነው ሁሉ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝልን ብንለምን ይህ ነው፤ መልካም ገበታ ለእናትም ለሕፃንም ጋሻ ነው፤ ነገር ግን የትኛውም ምግብ፥ የትኛውም ክኒን፥ የክንድ መለኪያውን አይተካውም። ካልሲየም የወሰዱትም ታመዋል፤ ጤፍ የበሉትም ታመዋል። በሽታው ሲመጣ በጊዜ ያወቀው ሰው ግን ብዙ ሊያደርግ ይችላል።

አደጋው ከፍ ላለባቸው እናቶች ሐኪም ከሦስተኛው ወር መጨረሻ ጀምሮ ጥቂት አስፒሪን በየቀኑ ሊያዝ ይችላል። በ2017 በታተመ አንድ ጥናት፥ ምርመራ አደጋ እንዳለባቸው ካሳየባቸው 1,776 ሴቶች መካከል ወሩ ሳይሞላ የሚመጣው ፕሪ ኤክላምፕሲያ አስፒሪን ካልወሰዱት በመቶ 4.3 ሲይዝ፥ ከወሰዱት ግን በመቶ 1.6 ብቻ ያዘ። ግፊቱን የሚያወርዱ መድኃኒቶችም አሉ። ማንቀጥቀጡን በሚመለከት ደግሞ ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለ፥ ዋጋው እጅግ ርካሽ የሆነ መድኃኒት አለ። በ2002 በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ተፈትኖ የማንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ታወቀ። ማግኒዥየምም ማዕድን ነው፤ ነገር ግን ይህ በሐኪም እጅ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ በገበታ የሚቀርብ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ መድኃኒቶች ግን የሚሠሩት በሽታው ለታወቀባት ሴት ነው። ባንድ ወቅት በአገራችን ከመቶ ሺሕ ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር የ2000 ጥናት ገምቷል። በ2016 ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኖ ተገኘ። ይህ የብዙ አዋላጆችና የብዙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ፍሬ ስለ ሆነ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን በዚያው በ2016 ጥናት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ ለእርግዝና ክትትል የሄዱት በመቶ 62፥ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሄዱት ደግሞ በመቶ 32 ነበሩ። ከሄዱትም መካከል የደም ግፊታቸው የተለካላቸው ሦስት አራተኛ ያህሉ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንዲት ነፍሰ ጡር ፀሐይና ዳገት ሳይበግራት እጤና ጣቢያ ድረስ ሄዳ፥ ተራ ጠብቃ፥ ክንዷ ሳይለካ ብትመለስ ጥፋቱ የእርሷ ነውን?

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ብዙዎቹ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መሆናቸውን እናውቃለን። ከእነርሱ መካከል ነገ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚሆን አለ። የመለኪያ መግዣ፥ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ማዘዣ በፊቱ ሲቀርብ «ይህ ለሚቀጥለው በጀት ይቆይ» ከማለቱ በፊት ያችን በሌሊት የምትንቀጠቀጥ ሴት ያስባት። የተሰበረ መለኪያ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ያየ እንደሆነ፥ የተሰበረው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ይወቅ። መምህር የሚሆንም አለ፤ ለተማሪዎቹ ይንገር። ከሁሉ በላይ ግን ባልና ወንድም የሚሆኑ ሁሉ አሉ። ሚስቱ ወይም እኅቱ ከክትትል ስትመለስ «ደህና ነሽ?» ብሎ ብቻ አይተዋት። «ግፊትሽ ስንት ነው? ሽንትሽስ ታይቷል?» ብሎ ይጠይቃት። ቁጥሩን በደብተሩ ይጻፈው። የሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ካለፈው ጋራ ያስተያየው። መኪና የሚገኝበትንም አስቀድሞ ይወቅ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያስፈልገው ማሰብ ብቻ ነው።

ያቺ የወጣቱ ሠራተኛ ሚስት፥ ራሷን በፈለጣት በዚያች የመጀመሪያዋ ሌሊት ማግሥት ክንዷ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ፥ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ወደ ሆስፒታል በቀን ብርሃን ትላክ ነበር፤ ግፊቷ ይወርድ፥ መድኃኒቱም ከመንቀጥቀጡ በፊት ይሰጣት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላም ጎረቤቶቿ ያው ገንፎ ይዘው ይመጡ ነበር።

ገንፎው ይገነፋ፤ ቅቤውም ይነጠር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውም ሰላምታ ከአፋችን አይጥፋ። ነገር ግን ይህን ሰላምታ ለማድረስ የሚሻ ሁሉ፥ ምሕረቱን ከሚጠብቅባቸው ከዘጠኙ ወራት ጀምሮ ገበታውን ያሟላ፥ ክንዱንም ያስለካ።